የሴት ባሕታውያንና ባለ ራእዮች ስም የጠፋው እንዴት ነው? ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ስለ ምናኔ፣ ስለ ተመስጦና ስለ ሱፊዎች የተጻፉ መጻሕፍት ሳገላብጥ የማገኘው ከሞላ ጎደል ወንዶችን ነው። ሴት ብትነሣ አንዲት ራቢዓ፣ አንዲት ቴሬዛ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ጥንት መንፈሳዊው ነገር ሁሉ በሴቶች እጅ እንደነበረ፣ ወንዶች ነጥቀዋቸው ዘጠኝ ሚሊዮን ሴቶችን ‹ጠንቋይ ናችሁ› ብለው እንዳቃጠሉ ይጻፋል። አንድ ወዳጄ በበኩሉ ሴት በተፈጥሮዋ ለራእይና ለስሜት እንጂ ለትምህርትና ለምርምር ስላልሆነች ነው ይላል። የቱ ነው እውነቱ? ማንበብ ብጀምርስ ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ሴቶቹ ጥቂት አልነበሩም። ጥቂት የሆነው ተጽፎ፣ በስማቸው ተጠርቶና እጅ በእጅ ተላልፎ እኛ ዘንድ የደረሰው ነው። ስለዚህ «ለምን አልነበሩም?» የሚለውን ትተን «የነበሩት በየት በኩል ወደቁ?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶሎ ከሚያልቀው ልጀምር። «ዘጠኝ ሚሊዮን» ከፍርድ መዝገብ ተቆጥሮ የተገኘ ቁጥር አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ ጀርመናዊ የአንዲት ከተማን ጥቂት መዝገቦች ይዞ፣ ለመላው አውሮፓና ለብዙ መቶ ዓመታት አባዝቶ ያወጣው ስሌት ነው። መዝገቦቹን የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬ የሚሰጡት ግምት ከ40,000 እስከ 60,000 ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሴቶች ናቸው። ይህ በራሱ አሰቃቂ ስለሆነ ማጋነኛ አያስፈልገውም። የተገደሉትም አብዛኞቹ ከጎረቤት የተጣሉ፣ ጠበቃ የሌላቸው ተራ ሰዎች እንጂ የስውር ሃይማኖት ካህናት አልነበሩም።

«ጥንት ሁሉም በሴቶች እጅ ነበር» የሚለውም ማስረጃ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እንስት አማልክት መመለካቸው ነው። ነገር ግን በእንስት አምላክ ማመንና ለሴት ሥልጣን መስጠት ለየቅል ናቸው፤ አቴና የተባለችውን እንስት አምላክ የከተማቸው ጠባቂ ብለው ያመልኩ የነበሩት አቴናውያን ሴቶቻቸውን ሸንጎ አያስገቡም ነበር። ይህ ትረካ የሚያሳስበኝ ሐሰት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስም፣ አገርና ዘመን ያላቸውን ሴቶች ወደ ጎን ገፍቶ በምትካቸው ስም የሌላት ሕልም ያስቀምጣል። ከወንዶቹ መዝገብ የጠፉት ሴቶች ተቆርቋሪ ነኝ በሚለው ትረካ ውስጥም ዳግመኛ ይጠፋሉ።

ወዳጅዎ ያነሡት የበለጠ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ያዩት ነገር እውነት ነው፣ የተሳሳቱት ምክንያቱን ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሴቶች የተዉት መንፈሳዊ ጽሑፍ በብዛት ራእይ ነው። ለምን ሆነ? በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በራሱ ሥልጣን የሚያስተምር ሰው ክህነት ወይም የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ ያስፈልገው ነበር፤ ሁለቱም ለሴት ዝግ ናቸው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው «ሴት ልታስተምር አልፈቅድም» የሚለው ቃልም በእያንዳንዱ ክርክር ላይ ይመዘዝ ነበር። አንድ በር ግን አልተዘጋም፤ እርሱም ትንቢት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ዲቦራንና ሕልዳናን ነቢያት ብሎ ስለሚጠራ ይህን በር መዝጋት አይቻልም። እግዚአብሔር ያሳያትን የምትናገር ሴት ደግሞ «አስተማረች» አይባልም፤ መልእክት አደረሰች እንጂ።

ጀርመናዊቷ መነኩሲት የቢንገኗ ሂልደጋርድ (1098–1179) ይህን አሳምራ ታውቅ ነበር። በ42 ዓመቷ መጻፍ ስትጀምር ያልተማርሁ ደካማ ፍጥረት ነኝ፣ የምጽፈው ከላይ የመጣ ብርሃን የነገረኝን ነው አለች። ከዚያ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ የምናገኘው ስለ ፍጥረት፣ ስለ ሥላሴና ስለ ምሥጢራት የተዋቀረ ሙሉ ትምህርት ነው። በ1147 እና 1148 በትሪር በተደረገው ጉባኤ የሮማው ጳጳስ ኤውጄኒዮስ ሣልሳዊ ጽሑፏን አጸደቁላት፤ እርሷም ኋላ በየከተማው እየዞረች በአደባባይ ሰበከች። ስለዚህ ራእዩን የሴትነት ጠባይ አድርጌ አላየውም፤ የመናገር ፈቃድ ነበር። ራእይ አላየችም ማለቴ አይደለም። ስለ ራእይዋ እውነትነት ታሪክ ፈራጅ ሊሆን አይችልም፤ ሌሎች በሮች ተዘግተው ሳለ ትምህርቷ በዚህ በር መውጣቱን ግን ያሳያል።

ፈቃዱን ያልጠየቀችው ሴት ምን እንደደረሰባት ደግሞ ማርጌሪት ፖሬት ታሳየናለች። የጻፈችው በፈረንሳይኛ ነው፤ ፍቅር፣ አእምሮና ነፍስ እንደ ሰው ቆመው የሚከራከሩበት ረቂቅ መጽሐፍ ነው። «እንዲህ ታየኝ» ብላ በራእይ አልተከለለችም፤ እንደ መምህር ነው የጻፈችው። የካምብሬ ጳጳስ መጽሐፉን አስቃጠለባት። እርሷ ግን ማሠራጨቷን ቀጠለች፤ ሦስት የተማሩ ሰዎችም ምስክርነት ሰጥተውላት ነበር። ተይዛ ስትመረመር መልስ አልሰጥም አለች፤ ሰኔ 1 ቀን 1310 ፓሪስ ላይ በእሳት ተቃጠለች። መጽሐፏ ግን አልሞተም። ስሟ ተፍቆ በላቲን፣ በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ እየተተረጐመ በየገዳሙ ይነበብ ነበር፤ ደራሲውም ወንድ ይመስላቸው ነበር። የደራሲዋን ማንነት ጣልያናዊቷ ተመራማሪ ሮማና ጓርኒዬሪ ይፋ ያደረገችው በ1946 ነው። ይህች ሴት ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ተነብባለች፤ የተረሳው ስሟ ነው። በነገራችን ላይ የምሥጢራዊ ትምህርት ቁንጮ የሚባለው ማይስተር ኤክሃርት ከሞቷ ከአንድ ዓመት በኋላ ፓሪስ ሄዶ የተቀመጠው እርሷን ያስፈረደባት መርማሪ በሚኖርበት የዶሚኒካን ቤት ነው። በሁለቱ ትምህርት መካከል ያለው መቀራረብ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ኖሯል።

ስሜትስ የሴት ድርሻ ነው? መነኩሴው የክሌርቮው በርናርድ በመኃልየ መኃልይ ላይ 86 ስብከቶችን ሲጽፍ ስለ ሙሽራዪቱ መሳምና ናፍቆት ነው ያወራው። ሌላው መነኩሴ ሄንሪ ሱሶ የኢየሱስን ስም ደረቱ ላይ በስለት ቀርጿል። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱንም «በተፈጥሯቸው ስሜታዊ ስለሆኑ» ብሎ የገለጻቸው ግን የለም።

እስካሁን ያልሁት አውሮፓን የሚመለከት ነው፤ የሹመት በር ሲዘጋ የሆነው ይህ ነው። በሱፊዎች ዘንድ ዋናው ነገር ሹመት ሳይሆን ሰንሰለት ነው፤ ማን ከማን ተቀበለ፣ ማንስ ለማን አስተላለፈ የሚለው። ሴት ወልይ ልትሆን ትችላለች፣ ዱዓዋ ይፈለጋል፣ ሼሆችም ከእግሯ ሥር ተቀምጠው ይማራሉ፤ የሰንሰለቱ ዝርዝር ሲጻፍ ግን ከወንድ ወደ ወንድ ያልፋል። ታላቁ የሱፊ ሊቅ ኢብን ዐረቢ (1165–1240) በወጣትነቱ ሴቪል ውስጥ ፋጢማ የተባለች ከዘጠና ዓመት በላይ የሆናት ሴት አገልግሏል፤ ከሸምበቆ ጎጆ በገዛ እጁ ሠርቶላታል። እርሷም መንፈሳዊ እናትህ ነኝ ትለው ነበር። ይህን የምናውቀው እርሱ ራሱ ስለጻፈው ብቻ ነው፤ ባይጽፈው ኖሮ ከእርሷ የቀረ ነገር አይኖርም ነበር።

አል-ሱለሚ የተባለው የኒሻፑር ሊቅ (ያረፈው በ1021 ነው) ያደረገው ይበልጥ ያስተምራል። በትልቁ መዝገቡ የመቶ ያህል ሱፊ ወንዶችን ታሪክ አሰባሰበ። ከሰማንያ በላይ ለሚሆኑ ሱፊ ሴቶችም ጽፏል፤ ግን በሌላ ትንሽ መጽሐፍ ለይቶ። ትልቁ መዝገብ እየተገለበጠ ዓለምን ሲዞር፣ ትንሹ ጠፍቶ ቆይቶ ሪያድ ውስጥ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ጸሐፊው ሴቶቹን አልናቃቸውም፤ ሰብስቦ መጻፉ ራሱ ይመሰክርለታል። ለብቻ ማስቀመጡ ግን ለመጥፋት አጋለጣቸው። ዛሬም በየመጽሐፉ መጨረሻ «ሴቶች» የሚል ምዕራፍ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

በቡድሂስቶች ዘንድ የሰንሰለቱ ነገር ሕግ ሆኖ ይታያል። በፓሊ ቋንቋ የተጠበቀው ቀኖና ውስጥ የቀደሙት መነኮሳይያት ግጥሞች ስብስብ አለ፤ ከ70 በላይ ናቸው። አንዷ ከሦስት ጎባጣ ነገሮች፣ ማለትም ከሙቀጫ፣ ከዘነዘናና ከጎባጣ ባሏ በመገላገሏ ደስታዋን ትናገራለች። ከልደትና ከሞትም ነጻ ወጣሁ ብላ ትቀጥላለች። ይህን ያህል የቆየ ድምፅ እያለ የስሪላንካና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቡድሂስቶች በሚከተሉት በቴራቫዳ ወግ ሙሉ ማዕርግ ያላቸው መነኮሳይያት በ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጠፉ። ሕጉ መነኩሲት ለመሾም ወንዶቹም ሴቶቹም መነኮሳት በአንድነት እንዲገኙ ያዛል፤ የሴቶቹ ማኅበር አንዴ ከተቋረጠ የሚሾም አይኖርም። ወንዶቹ መነኮሳት በስሪላንካ ሲቋረጡ ከበርማ አስመጥተው እንደገና ጀምረዋል። ሴቶቹ ግን እስከ 1990ዎቹ ጠበቁ፤ በ1998 ህንድ ውስጥ ቦድ ጋያ ላይ የተደረገው ትልቅ ሹመት የተፈጸመው በምሥራቅ እስያ መነኮሳይያት እርዳታ ነው። የሚገርመው፣ ያን የምሥራቅ እስያ ሐረግ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቻይና ያደረሱት ራሳቸው የስሪላንካ መነኮሳይያት ነበሩ። የታይላንድ ሲኖዶስ ግን ሹመቱን እስካሁን አልተቀበለም።

ሦስተኛው መውደቂያ ቋንቋና ጽሕፈት ነው፤ እዚህ ላይ «ወንዶች አጠፏቸው» የሚለው አባባል ይሰናከላል። ከደረሱን ታሪኮች አብዛኞቹ የተረፉት ወንዶች ስለጻፏቸው ነውና። ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642) አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ ባሏን ጥላ መነኰሰች፤ በአደባባይ ተቃወመች፣ ተከሰሰች፣ ተጋዘች፤ ኋላም በጣና ዙሪያ በርካታ ማኅበራትን መራች። ገድሏን ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ በ1672 የጻፈው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው፤ አብረዋት ከኖሩት የሰማውን አሰባስቦ። ከእርሷ በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረችው ክርስቶስ ሠምራ ደግሞ ትዳርና ልጆች ትታ ወጥታ በጣና የተጋደለች ናት። በገድሏ ውስጥ ሰይጣን እንዲታረቅ እግዚአብሔርን ትለምናለች፤ የዕርቁን ልመና ይዛ ሲኦል ድረስ ትወርዳለች። የክፋትን መጨረሻ የሚጠይቅ፣ ከባድ የነገረ መለኮት ጥያቄ ነው፤ በታሪክ መልክ ስለቀረበ ብቻ ብዙ አንባቢ «ተአምር» ብሎ ያልፈዋል። በገድል ደረጃ የተጻፈላቸው ሴቶች ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

የወንድ ብዕር ያዳነውን ያህል ይቀንሳል። ጣልያናዊቷ ባለ ራእይ የፎሊኞዋ አንጄላ የነገረችውን ሲጽፍ የነበረው መነኩሴ መልሶ ሲያነብላት፣ ይህ የእኔ አይመስለኝም፣ ደረቅና ጣዕም የሌለው ነው እንዳለችው ራሱ መዝግቧል። የእርሱ ሐቀኝነት ያስመሰግነዋል፤ ዝም ያሉት ስንት እንደሆኑ ያስቡት። ቅድስት ማክሪና ሁለቱን ታላላቅ ወንድሞች፣ ባስልዮስንና ጎርጎርዮስ ዘኑሲስን፣ ወደ ምናኔ የሳበች እኅታቸው ናት። ጎርጎርዮስ ሕይወቷን ጻፈ፣ መምህሬ ብሎም ጠራት። የምንኩስና ሥርዓት አባት የሚባለው ባስልዮስ በቀሩልን ጽሑፎቹ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አያነሣትም። ጎርጎርዮስ ባይኖር የባስልዮስን ታሪክ ያለ እኅቱ እናስተምር ነበር።

በገዛ ብዕሯ የጻፈችም ብትሆን አላመለጠችም። የአቪላዋ ቴሬዛ (1515–1582) ለመነኮሳይያቷ በጻፈችው የጸሎት መመሪያ ረቂቅ ውስጥ የዚህ ዓለም ፈራጆች ሁሉም የአዳም ልጆች፣ ሁሉም ወንዶች ስለሆኑ የሴትን በጎነት በጥርጣሬ ነው የሚያዩት የሚል አንቀጽ ነበር። አንባቢው መርማሪ በቀለም ሰረዘው፤ በታተመው መጽሐፍም አልገባም። ከስረዛው ሥር ተነብቦ የወጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቴሬዛ በየገጹ «እኔ ደካማ ሴት» የምትለውን ሲያነቡ ይህን የተሰረዘ አንቀጽ ያስታውሱ፤ ትሕትናዋ እውነት ነው፣ ጋሻም ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ የሚለውን ማዕርግ ለሴት የሰጠችው በ1970 ሲሆን የመጀመሪያዋ ራሷ ቴሬዛ ናት፤ በሳምንቱ የሲየናዋ ካተሪና ተከተለች። ሂልደጋርድ እስከ 2012 ጠብቃለች።

ጽሕፈትን ሳይጠብቁ የሠሩም አሉ። በዛሬዋ ናይጄሪያ በሶኮቶ ናና አስማው (1793–1864) ቃዲሪያ የተባለው የሱፊ ጣሪቃ ተከታይ፣ ሊቅና ባለ ቅኔ ነበረች። በዓረብኛ፣ በፉላኒኛና በሐውሳ ትገጥም ነበር። ከየመንደሩ ሴቶችን አሰልጥና ግጥሞቿን በቃላቸው አስጠንታ ትልካለች፤ እነርሱም ከቤት ወጥተው መማር ለማይችሉት ያደርሳሉ። በ1837 ደግሞ ስለ ቀደሙት ሱፊ ሴቶች ግጥም ጻፈች፤ ስማቸውን እየጠራች። ወንዶቹ በሰንሰለት የሚያደርጉትን እርሷ በዜማ አደረገችው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ጥቅሶችን ይመለከታል። በ801 ገደማ ያረፈችው ሱፊዋ ራቢዓ አንድም ጽሑፍ አልተወችም፤ በስፋት የሚነገረው የሕይወት ታሪኳ አብዛኛው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ከጻፈው ከፋርሱ ባለ ቅኔ ከዓጣር የተቀዳ ነው። በአንድ እጅ እሳት በሌላው ውኃ ይዛ «ገነትን አቃጥዬ ሲኦልን ላጠፋ ነው» አለች የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል። ፈረንሳዊው ጆይንቪል በ1309 ባጠናቀቀው የንጉሥ ሉዊ ታሪክ ውስጥ ይኸው ነገር አለ፤ ግን የምትናገረው ስም የሌላት የደማስቆ አሮጊት ናት። ታሪኩ ውብ ነው፣ ትምህርቱም ከራቢዓ ትምህርት ይስማማል፤ «ራቢዓ እንዲህ ብላለች» ብሎ ለመጥቀስ ግን አይበቃም። በህንዳዊቷ ባለ ቅኔ በሚራባይ ስም የሚዘመሩትም እንዲሁ ናቸው፤ በጣም ብዙ ዝማሬዎች በስሟ ቢነገሩም በጥንታውያኑ ጥራዞች ውስጥ ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው፣ የዛሬን አቋም አያልብሷቸው። ሂልደጋርድ ገዳሟ የምታስገባው የመኳንንት ልጆችን ብቻ ነበር፤ ስትወቀስም ሰው በሬን፣ አህያን፣ በግና ፍየልን በአንድ በረት ያጉራልን ብላ ተከራክራለች። ወለተ ጴጥሮስ የታገለችው ለተዋሕዶ ሃይማኖቷ እንጂ ለሴቶች መብት አይደለም። የምናከብራቸው እኛን ስለሚመስሉ ከሆነ ነገ የማይመስሉንን እንጥላቸዋለን።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ የቅንጭብጫቢ ጥቅስ ስብስቦችንና «መቶ ታላላቅ ሴቶች» የሚሉ ጥራዞችን ለጊዜው ይተዉ። አንድን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብቡ። መጀመሪያ የወለተ ጴጥሮስን ገድል ያንብቡ፤ አገሩንም ቋንቋውንም ስለሚያውቁት የጸሐፊውን እጅ ከባለ ታሪኳ ድምፅ መለየት ይቀልዎታል። ሲያነቡ ማን ጻፈው፣ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ፣ ለማንስ ሲል የሚለውን በየምዕራፉ ይጠይቁ። ቀጥሎ እንግሊዝኛ የሚችሉ ከሆነ እንግሊዛዊቷን ባሕታዊት የኖርዊቿን ጁልያን ይያዙ፤ ለወዳጅዎም መልሱ እዚያ አለ። በግንቦት 1373 በጠና ታማ ሳለች ራእዮቹን አየች፤ አጠር ያለ መጽሐፍ ጻፈችበት። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል አሰላስላ እንደገና ጻፈችው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ይረዝማል። የጨመረችው ራእይ ሳይሆን ምርምር ነው፤ ኃጢአት ለምን ተፈቀደ፣ ክርስቶስ እናት መባሉስ እንዴት ይገባል የሚሉትን በደረቅ ሙግት ትፈታለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና የተጨመሩትን ገጾች ለወዳጅዎ ያንብቡላቸው። ራቢዓንና ሚራባይን ከዚያ በኋላ ይምጡባቸው፤ ያኔም የትኛው ቃል በየትኛው ዘመን ጽሑፍ ላይ እንደተገኘ የሚነግር እትም ካልሆነ አይግዙ።